ከቦሌ እስከ ጉርድ ሾላ፣ አንድ ከረጢት ሳንቲም ይዤ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሸራ ከረጢት በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጋዜጣውን ደግሞ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ቦሌ ካለው ቤቴ ወጣሁ። ከረጢቱ ውስጥ የሃምሳ ብር ሳንቲም አለ፤ የሚበዛው ስሙኒና አስር ሳንቲም ነው። የጉዞዬ ዓላማ ይህን ሳንቲም ለአንድ ባንክ አስረክቤ በምትኩ ብር መቀበል ብቻ ነበር። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል።

ሱሴ አሮጌ ሳንቲም መልቀም ነው። ደመወዝ ስቀበል ባንክ እሄድና ብር ሰጥቼ በወረቀት የተጠቀለለ ሳንቲም እወስዳለሁ። እቤት ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ አገላብጠዋለሁ። ደስ ያለኝን አስቀርቼ በቦታው ከኪሴ እተካና ሁሉንም መልሼ ለባንክ እሰጣለሁ፤ ግን ለወሰድኩበት ቅርንጫፍ አይደለም። ለዚያው ከመለስኩ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ያየሁትን ይሰጡኛላ! ስለዚህ ከቦሌ የወሰድኩትን ኦሎምፒያ፣ ከኦሎምፒያ የወሰድኩትን ፒያሳ እመልሳለሁ። ዓመታት እንዲህ ስዞር ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ያን ሰሞን ግን ከተማው ውስጥ ዝርዝር ጠፋ። ሐሙስ ማታ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነስቶ ሳንቲም የሚያከማች ሁሉ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው፣ በቅርቡ ቤት ለቤት አሰሳ ይደረጋል አለ። እኔና ባለቤቴ ጽጌ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። አልተያየንም። እቤት እንደገባን ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣

«ያንን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ» አለች።

«ቅዳሜ እመልሰዋለሁ።»

«የሰው ባል ሱስ መጠጥ ነው፣ ሲብስ ጫት ነው። የአንተ ግን ያሳስራል።»

የባሰው ነገር በዚያው ሳምንት ስንት ዓመት የፈለግኩትን ማግኘቴ ነው፤ ጥርስ የሌለው ስሙኒ። በንጉሡ ዘመን ስሙኒ መጀመሪያ የወጣው ዳር ዳሩ ክብ ሆኖ ነበር። ሰው ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር እየተሳሳተ ሲቸገር ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ ጥርስ ተከረከመ ይባላል። ሳይከረከም ያመለጠው ጥቂት ነው። እኔ ያገኘሁት አንዱን ነው፤ የንጉሡ መልክ እስካሁን አልተፋቀም። ሌሎቹን አሮጌዎች ገጠር ላለችው እህቴ ልኬአቸው ነበር። ይሄኛውን እቤት ልተወው ስል ጽጌ በር ላይ ቆማ፣ «ንጉሡንም ይዘህልኝ ሂድ፤ ፈታሽ ቢመጣ ምን እላለሁ?» አለች። ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ኦሎምፒያ

ዋናው መንገድ ላይ ውይይት ታክሲ ስጠብቅ ረዳቱ ከሩቅ ይጮሃል፤ «ዝርዝር የሌለው እንዳይገባ! ዝርዝር የሌለው እንዳይገባ!» ገብቼ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሰዎች ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ነው የሚቀመጡት፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ሳንቲሙ «ቅጭል» ይላል። እኔም ድምፁን ለመሸፈን በነጠረ ቁጥር እስላለሁ። ሂሳብ ሲጠየቅ ሳንቲም አውጥቶ መስጠት አስፈራኝና አንድ ብር ሰጠሁት።

«መልስ የለኝም ጋሼ።»

«ይሁን፣ ተወው» አልኩት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በዚያ ጊዜ መልስ የሚተው ሰው ጤነኛ አይመስልም።

ኦሎምፒያ ያለው ቅርንጫፍ በር ላይ ተፈትሼ ገባሁ። ገንዘብ ተቀባዩ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ከረጢቱን መስኮቱ ላይ ሳስቀምጥለት ድምፁን ሰምቶ ቀና አለ።

«ምንድነው?»

«ሳንቲም ነው። በብር እንድትለውጥልኝ ነበር።»

«ሱቅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ከየት መጣ? እኛ ለደንበኞቻችን አጥተን እርስዎ በዘንቢል!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከቀበሌዎ ደብዳቤ ያምጡ። ያለ ደብዳቤ አልነካውም።»

ከቀበሌዬ ደብዳቤ ብጠይቅ መልሱ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ከረጢቱን ሰብስቤ ስዞር ከኋላዬ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆሟል። ዓይኑ ፊቴ ላይ አልነበረም፤ ዘንቢሉ ላይ ነበር። እኔ ስወጣ ተራው ደርሶ ሳለ ሰልፉን ትቶ ወጣ።

መገናኛ

ጉርድ ሾላ ሌላ ቅርንጫፍ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ማንም አያውቀኝም፤ ቅዳሜ ደግሞ ባንክ የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። በኡራኤል አድርጎ ወደ መገናኛ የሚሄድ አውቶቡስ ስሳፈር ካኪው ሰውዬ በኋላ በር ገባ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጫማው ላይ ነጭ ነገር አይቻለሁ፤ ኖራ ነው አልኩ። የትኛው ግቢ ነው ኖራ የሚቀባው? የትኛው እስር ቤት? ጆሮ ጠቢ መሆኑን በልቤ ፈርጄ ጨረስኩ።

መገናኛ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመና ሁላችንም እንድንወርድ ተደረገ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው ይፈትሻሉ። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ አጭሩ ጠባቂ ዘንቢሉን ከፈተ።

«ይሄ ሁሉ ሳንቲም ምንድነው?»

«ባንክ ላስገባ ነው፣ ጓድ።»

«ባንክ? ጥሩ።» ያመነኝ መሰለ። ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሴ ሰደደና ስሙኒውን አወጣ። ፀሐይ ላይ አገላበጠው። «ሌላውን በዘንቢል፣ ንጉሡን ግን በደረት ኪስ?»

«ስሙኒ ነው ጓድ። ለታክሲ ብዬ ለብቻው ይዤው ነው።»

«ስሙኒ ብቻ?»

«ስሙኒ ብቻ።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ጎናችን ሲጋራ በፍሬ ወደምትሸጠው ሴትዮ ዞሮ፣ «እንቺ፣ ሲጋራ ስጪኝ» አላትና ወረወረላት። ሴትዮዋ ሳታየው ቆርቆሮዋ ውስጥ ጣለችው። ድምፁን ሰማሁት።

ስንት ዓመት የፈለግኩት ነገር እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከሌላው ሳንቲም ጋር ተደባልቋል፤ በሌላ ሳንቲም ልለውጠው ብል የሚያስከፍለኝ ሌላ አንድ ስሙኒ ብቻ ነው። ግን እንዴት ብዬ? «ለምን ፈለግከው?» ቢለኝ መልሴ አንገቴ ላይ ገመድ ነው። ጠባቂው ሲጋራውን ለኩሶ «እለፍ» አለኝ። አለፍኩ። ዞር ስል ካኪው ሰውዬ ከሰልፉ ውስጥ ሁሉንም ሲያይ ነበር።

ሰውየው እስኪያልፍ ብዬ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይና አንድ ፓስቲ አዘዝኩ። ፓስቲው ትኩስ ነበር፤ ግን አልወረደልኝም። ሰውየውም ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ምንም አላዘዘም። አስተናጋጇ መልስ አጥታ ሁለት ከረሜላ ሰጠችኝ። ወጣሁ። ወጣ።

በእግር

ታክሲ ብይዝ አብሮኝ ይገባል፤ ስለዚህ በእግሬ ለመሄድ ወሰንኩ። ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ ያለው መንገድ ያን ጊዜ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል። በግራም በቀኝም የጤፍ ማሳ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ እዚህም እዚያም ባሕር ዛፍ አለ። የጥቅምት ነፋስ አቧራ ያነሳል። አልፎ አልፎ የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው። ሃምሳ እርምጃ ያህል ከኋላዬ ኮቴ ይሰማኛል። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። በመጨረሻ አንድ ድልድይ ላይ ስደርስ ዞሬ ቆምኩ።

«ምን ፈልገው ነው?» አልኩት።

እሱም ቆመ። መጀመሪያ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። እንደ እኔው የፈራ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

«ወንድሜ» አለ፣ «እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት?»

«እኔ? የሚከተሉኝ እርስዎ!»

«በዘንቢል ሳንቲም ይዞ በግላጭ የሚዞር ሰው አይቼ አላውቅም። ነጋዴ ለማጥመድ የላኩዎት መስሎኝ ነበር። መገናኛ ላይ ሲያንቀጠቅጥዎት ሳይ ግን፣ አይ፣ ይሄ እንደኛው ነው አልኩ።»

ከጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ ትንሽ ዳቦ ቤት እንዳለው ነገረኝ። ጫማው ላይ ያለው ዱቄት ነበር። የዳቦው ዋጋ በሳንቲም ነው፤ ሰው ሁሉ ብር ይዞ ይመጣል፤ እሱ መልስ የለውም። «ከረሜላ ስሰጥ እናቶች ይሰድቡኛል። ቀበሌው ደግሞ ዝርዝር ደብቀሃል ብሎ ሁለቴ አስጠንቅቆኛል። በሦስተኛው ሱቁን እናሽጋለን ብለዋል። ልጆቼ ከዚያች ዳቦ ቤት ሌላ የላቸውም። ከጠዋት ጀምሮ ከባንክ ባንክ ስዞር ነው ያየሁዎት።» እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «ሃምሳ ብር እዚሁ ልስጥዎት።»

ልቤ ግማሹ አመነው። ግማሹ ግን፣ እሺ ብለህ ብሩን ስትቀበል ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሁለት ሰው ይወጣል፣ ያን ጊዜ ሳንቲም ቸርቻሪ ሆነህ ትቀራለህ አለኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። «እኔ ባንክ ነው የማስገባው።»

አልተቆጣም። «እንዳሉ» አለ። «መንገዳችን አንድ ነው።» ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረልኝ።

ጉርድ ሾላ

ባንኩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ከረጢቱን አይታ አንዲት ቃል ሳትናገር ተነስታ ሥራ አስኪያጁን ጠራች። ሰውየው ወፍራም፣ ዝግተኛ ነው፤ ክራቫቱን አላልቷል። ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋው። ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ ውሸት ስላልመጣልኝ እውነቱን ነገርኩት።

«ቆይ፣ ይግባኝ» አለ። «ብር ሰጥተው ሳንቲም ይወስዳሉ።»

«አዎ።»

«ከዚያ ያንን ሳንቲም ሰጥተው ብር ይወስዳሉ።»

«አዎ።»

«ትርፉ ምንድነው?»

«ትርፍ የለውም።»

«ትርፍ የሌለው ሥራ የሚሠራ ሰው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ወይ እብድ ነው፣ ወይ ሌላ ሥራ አለው። እርስዎ እብድ አይመስሉም።» እጁን ስልኩ ላይ አሳረፈ።

ስለ ጽጌ አሰብኩ። አርፍዶ የሚመጣ ባል ሁሉ የማይመጣ የሚመስልበት ጊዜ ነበር።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ካኪው ሰውዬ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይኼ ሰው ምን አጠፋ?»

«አንተን ምን አገባህ? ዝርዝር የለም ብዬሃለሁ፤ ስንቴ ልንገርህ?»

«እሱን ነው የምለው። የለም ሲሉኝ ነው የከረሙት። ይኸው በእግሩ ተሸክሞ ያመጣ ሰው ተገኘ።» ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቆመም። «እሱን ካሰሩት ወሬው እስከ ማታ ኮተቤ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሳንቲም ይዞ ባንክ የሚመጣ ማን ነው? ያለውም ይቀብረዋል።»

ሥራ አስኪያጁ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ። ከዚያ እጁን ከስልኩ ላይ አነሳ።

ሳንቲሙ መስኮቱ ላይ ተቆጠረ። እኔ ሃምሳ ብሬን ተቀበልኩ፤ ባለ ዳቦ ቤቱ በተራው ሃምሳ ብር ከፍሎ ያንኑ ከረጢት ወሰደ፤ ሁሉም በደንብ፣ በማኅተም። ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሌላ ጊዜም ሲኖርዎት ለእኔ ያምጡ» አለኝ። ግብዣ ይሁን ወጥመድ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ደጅ ላይ ባለ ዳቦ ቤቱ ከረጢቱን ታቅፎ፣ «ቤትዎ ወዴት ነው?» አለኝ። ወዲያው ግን ቁስል የነካ ይመስል ፈጥኖ እጁን አወዛወዘ። «አይ፣ አይንገሩኝ። የማላውቀውን ብጠየቅ መች እናገራለሁ።» ተለያየን።

ቤት

በአውቶቡስ ስመለስ ዘንቢሉ ባዶ ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ወደ ኋላ በር አይ ነበር። ጽጌ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ስሙ ማን ነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ያንተንስ?»

«አልነገርኩትም።»

«ደግ አደረግክ» አለች።

ሰኞ አሰሳው መጣ። አራት ሰዎች ነበሩ። ምንጣፉን አነሱ፣ ፍራሹን ገለበጡ፤ ምንም አላገኙም። አንዱ ሲወጣ፣ «ቅዳሜ ዘንቢል ይዘህ ስትወጣ ታይተሃል። ከማን ጋር ነበርክ?» አለኝ። መልሱ ቀለለኝ።

«ከማንም ጋር አልነበርኩም» አልኩት። የምሰጠው ስም አልነበረኝም።

ያ ጉዞ ያስተማረኝ እሱን ነው። በዚያ ዘመን ሰው ለሰው ማድረግ ከሚችለው ደግ ነገር አንዱ አለመተዋወቅ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቀን ሙሉ ሰላይ ነው ብዬ የሸሸሁት ሰው ያንን ሳይማር ያውቀው ነበር። ፈታሾቹ ከሄዱ በኋላ ጽጌ ፍራሹን እየመለሰች ቆም አለች።

«ሰውየውን ግን አመሰገንከው?»

አስታወስኩ። አላመሰገንኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉርድ ሾላ የሚያደርሰውን አውቶቡስ ባዶ እጄን ተሳፈርኩ።