ለየብቻ የተጠየቁ ሁለት ሰዎች

ፖሊሶች የያዙን በዚህች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ አስተምራለሁ፤ እንደኔ ከአገር የሸሹ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ይማራሉ። በአንድ ላፕቶፕና በሞባይል ኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ የሕክምና ጥናቶችን እንፈልጋለን፤ እናነባለን፤ የትኛው እንደሚታመንና የትኛው እንደማይታመን እንከራከራለን። ኢትዮጵያውያን በየሳምንቱ በር ዘግተው ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ግን ሕክምና ነው ብሎ ማን ያምናል? «ፖለቲካ ነው» ተብሎ ተነገረብን። ሌሎቹን በማግስቱ ለቀቋቸው። እኔ አገር ቤት ሳለሁ በጻፍኩት ጽሑፍ የተነሳ፣ አንዱ ነርስ ደግሞ ክፍሏ በስሙ ስለተከራየች ቀረን።

ያስገቡን ክፍል መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ብሎኬት በጎደለበት ቀዳዳ የሐምሌ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይገባል። ግድግዳውን ስትደገፈው ጀርባህን ይለበልብሃል። ጥግ ላይ ባልዲ፣ ከባልዲው አጠገብ ጀሪካን፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

ስለ ነርሱ ትንሽ ልናገር። በእኛ ሥራ አንድን ጥናት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያነቡታል፤ ሳይነጋገሩ ይፈርዱና በኋላ ያስተያያሉ። እሱ ግን እኔ ምን እንዳልኩ ሳያይ ፈርዶ አያውቅም። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ በኋላ እኔ ማን ነኝ?» ይለኛል። መምህርን መቃወም ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። መከርኩት፣ ተቆጣሁት፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ወጣት አስገቡብን። ወደ የመን ሊሻገር ሲል ባሕሩ ዳር የተያዘ ነው። በእግሩ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ሁለታችንንም ጨበጠን።

«እንደምን አደራችሁ? ውኃ አለቻችሁ?» አለ።

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። በሩን ደበደብን። ዘበኛው ከውጭ «ቡክራ» አለ፤ ነገ ማለቱ ነው። እንደገና ደበደብን። እኩለ ቀን ሲያልፍ ልጁ ማላቡን አቆመ፤ ቆዳው ደርቆ እንደ ምጣድ ጋለ። ሙቀቱ እንደመታውና ካላጠጣነው እንደማይተርፍ ያን ጊዜ ለሁለታችንም ገባን። ሸሚዛችንን አውልቀን አራገብንለት። እናቱን እየጠራ ያወራት ጀመር።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» አለ ነርሱ፣ እያለቀሰ። ፀሐይ ሳትገባ ልጁ አረፈ።

የእስር ቤቱ አለቃ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ነው። ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። «በምን እንደሞተ የምትጽፍ ሐኪም እየመጣች ነው። ሲገባ ታሞ ነበር በላት፤ ነገ ቤትህ ታድራለህ» አለኝ። ቤቴ ማደር ምንኛ ናፍቆኝ እንደነበር እግዜር ያውቃል።

ሐኪሟ ስትመጣ ግን በፈረንሳይኛ «ጤነኛ ሆኖ ነው የገባው። ውኃ ከልክለውት ሞተ። ያየነው ሁለት ነን፤ ሌላውን ለብቻው ጠይቂው» አልኳት።

አለቃው ፈገግ አለ። አስተርጓሚ እኔ ነኝ ብሎ ከእሷ ጋር ወደ ክፍሉ ገባ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል።

«መምህርህ ልጁ ሲገባ ታሞ ነበር ብሏል። አንተስ ምን ትላለህ?»

እንደ ሁልጊዜው እኔን ሊከተል ነው ብዬ ደነገጥኩ። እንዳልጮህ ዘበኛው ከጎኔ ቆሟል።

«እንግዲያው ጋሼ ተሳስተዋል» አለ ነርሱ። «በእግሩ ነው የገባው። ውኃ እየለመነ ነው የሞተው።»

አለቃው ሳይተረጉምለት ሲቀር፣ ነርሱ ራሱ በዚያች ከገበያ በለቃቀማት ፈረንሳይኛው «ፓ ዶ፣ ማዳም። ፓ ዶ» አላት። ውኃ የለም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን በተማሪ ኮርቼ አላውቅም።

ሐኪሟ ምን እንደጻፈች አልሰማንም። የተቀየረ ነገርም አልነበረም፤ ሙቀቱ እስኪበርድ እዚያው ከረምን። እኔን ለቀቁኝ፤ እሱን ጠረፍ አሻግረው ወደ አገር ቤት መለሱት። ወሬውን እስካሁን አጥቻለሁ።

ዛሬ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ አስተምራለሁ። በስደት መንገድ ላይ ስለሞቱ ሰዎች የተጻፈ ጥናት ስናነብ፣ ቁጥሮቹ ጋ ስደርስ ድምፄ ይቆማል። ተማሪዎቹ የደከመኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያን ልጅ አስባለሁ። ቀኑን ሙሉ በር ስንደበድብለት ዋልን እንጂ፣ ስሙን ማናችንም አልጠየቅነውም።