የክላፋሟ ባልቴት ይቅርታ

ሦስት ዓመት ሙሉ ያኮረፈኝ ታምራት ባለፈው እሁድ ደውሎ እዚህ እንግሊዝ አገር ክላፋም የሚባል ሰፈር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ጋበዘኝ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር የታገሉ እንግሊዞች የሚታሰቡበት ዝግጅት ነው። ሊታረቀኝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ሻይ ስንጠጣ አንዲት ነጭ ባልቴት የሁለታችንንም እጅ ይዘው አለቀሱ። ቅድመ አያታቸው ባሪያ ይነግዱ ስለነበር ይቅርታ ጠየቁን። እኛን አይመለከተንም እንዳልል አሳዘኑኝና «ይቅር ብለናል» አልኳቸው። ታምራት እጁን አስለቅቆ ሻዩን አነሳ።

ባስ ስንጠብቅ፣ «አንተም ይቅር ብትላቸው ምን ነበረበት?» አልኩት።

«እሳቸው ምን አድርገውኝ?» አለ። «እህትህን ላገባ ሽማግሌ ብልክ ‹ዘሩ ባሪያ ነው› ብለህ የመለስካቸው አንተ ነህ። ዛሬ የጠራሁህም ሌላው ይቅርታ ሲጠይቅ ስታይ ትዝ ይልሃል ብዬ ነበር።»