ፊደሎቼ የተንቀጠቀጡበት ዘመን

በደርግ ዘመን ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ታፔላዎች ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላውን ግማሽ የጻፉት ደግሞ የእኔን እያዩ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። አስተማሪ አልነበረኝም። ጢቾ ሳለሁ በዱቄት ጆንያ ላይ የታተመውን ፊደል በከሰል ግድግዳ ላይ እየገለበጥኩ ነው አጣጣሉን ያወቅኩት። አሰላ ስገባ ከአንድ ብሩሽና ከድፍረት በቀር የያዝኩት ነገር አልነበረም፤ ብዙም ሳልቆይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ያለ ማስመሪያ የምጽፈው መስመር በማስመሪያ ከተሰመረው ይበልጥ ቀጥ ይላል። ይህን የተጠራጠሩ ሰዎች ሲባጎ ወጥረው ለክተው፣ አፍረው ተመልሰዋል።

ብቻዬን ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ጽሕፈት አይደለም። የእንቅልፍ ኪኒን መተው ነው።

ኪኒኑን የጀመርኩት ከቀበሌ እስር ከወጣሁ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት በከተማው ግድግዳዎች ላይ መንግሥትን የሚያወግዝ ጽሑፍ ተገኘ። ብሩሽ መያዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ተለቅሞ ታሰረ፤ እኔም ታሰርኩ። መርማሪው ከጽሑፉ ፊት አቁሞ፣ «ይህ የማን እጅ ነው?» አለኝ።

«የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ ግን አይደለም። እኔ እንዲህ እግሩ የተንጋደደ ‹ደ› ከምጽፍ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል» አልኩት።

ጠመኔ ሰጥቶ አጻፈኝ። ሁለቱን አስተያይቶ ለቀቀኝ። ነፍሴን ያተረፈው የፊደሌ ጥራት ነው። አብረውኝ ከገቡት መካከል ያልተመለሱ አሉ፤ ስለ እነሱ ዛሬም ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ። የመኪና ድምፅ ስሰማ ከአልጋ ዘልዬ እወርዳለሁ። በጤና ጣቢያው በጤና ረዳትነት የሚሠራው ድሬሰር፣ የበቆጂ ሰው ነው፣ ትንንሽ ቢጫ ኪኒኖች በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው» አለኝ። ተኛሁ። እጄም ረጋ። ጥቂቱ ጊዜ ግን ዓመታት ሆነ። ድሬሰሩ አልሰጥም ሲለኝ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ፤ እዚያም ሲጠፋ አዲስ አበባ በሚመላለሱ ሹፌሮች አስመጣለሁ።

መተው እንዳለብኝ ያወቅኩት አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። ባለቤቴ ሳህኑን አስቀምጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ትናንት የነገረችህን ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

«ምን ነገረችኝ?»

«ልታገባ እንደሆነ።»

«ማንን?»

«እሱንም ነግራሃለች። አንተም ተነስተህ መርቀሃታል።»

ከዚያ ምርቃት አንዲት ቃል አላስታወስኩም። አፌ ሲናገር እኔ አልነበርኩም ማለት ነው። ኪኒኑ በቁሜ እያስተኛኝ ነበር። የሄድኩበትን ረስቼ ከመንገድ የተመለስኩባቸው ቀናትም ነበሩ፤ ያንን ለማንም አልነገርኩም።

ችግሩ ይህ ነበር፦ ኪኒኑን ብወስድ አእምሮዬ ይሄዳል፤ ኪኒኑን ብተው እጄ ይሄዳል። እጄ ደግሞ እንጀራዬ ብቻ አልነበረም። ከእስር ያወጣኝ ማስረጃ እሱ ነው። ፊደሌ ድንገት ቢንጋደድ ያ መርማሪ የቀድሞውን ግድግዳ ማስታወሱ አይቀርም።

መጀመሪያ በወንድ ወግ ልገላገለው ብዬ ያለኝን ሁሉ ሽንት ቤት ጨመርኩት። በማግስቱ ደህና ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ እንዴት እንደተውኩ አስተማርኳቸው። ከዚያ ግን የጭላሎ ተራራ ብርድ አጥንት እየሰበረ እኔ በላብ ተጠመቅሁ። ድምፅ ሁሉ ጆሮዬን ይወጋኛል፤ ከቆዳዬ ሥር ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል። በዚህ መሐል የሥጋ ቤት ታፔላ መጨረስ ነበረብኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ መጥቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ይህን በሬው ነው የጻፈው?» አለኝ። «ሳይታረድ ነው ከታረደ በኋላ?»

አብረውት የመጡት ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ወደ መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ ማታውን ኪኒኑን ዋጥኩ፤ በማግስቱ ታፔላውን እንደገና ጻፍኩለት።

ቀጥሎ ባለቤቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ለነፍሴ የሚሠራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ነገሩን ያበላሸው አንድ ባለ ጋሪ ጎረቤቴ ነው። «እሱን ትተህ በአረቄ ተካው፤ እኔን አታይም?» አለኝ። አየሁት። ቀይና ደስተኛ ነበር። ኪኒኑን በአንድ ጊዜ አቁሜ በጓሮ በኩል አረቄ ጀመርኩ። ከዚያ የማስታውሰው በዚያው ሰው ጋሪ ላይ፣ ራሴን በገብስ ጆንያ ላይ አድርጌ፣ ምላሴን ነክሼ መንቃቴን ነው። ገበያ መሐል ወድቄ ተንፈራግጫለሁ አሉ።

ድሬሰሩ ምላሴን አይቶ ተቆጣ። «ኦቦ፣ ይህ ነገር በአንድ ቀን መጣ? ታዲያ በአንድ ቀን ይሄዳል? ድንገት ሲያቆሙት ይገድልዎታል። ሱታ፣ ሱታ!» አለኝ። በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። ኪኒኑን ወደ ቀድሞው መጠን መለሰልኝና ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እንድቀንስ፣ በየጊዜውም እየመጣሁ እንድታይ አዘዘኝ።

ሰማሁት እንጂ አልተቀበልኩትም። እኔ የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ ውዬ የማድር ሰው አይደለሁም። ቀስ ብሎ መተው የሰነፍ መንገድ መሰለኝ። ጥቂት ከሰነበትኩ በኋላ ለእሱ ሳልነግር ኪኒኑን በአንድ ጊዜ ለሁለት ገመስኩና በግማሹ ቀረሁ።

ያን ጊዜ የአብዮት በዓል ደርሶ ነበር። አደባባዩ ላይ በተወጠረው ሰፊ ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክሩን በቢጫ ቀለም እንድጽፍ ታዘዝኩ። መሰላል ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ፊደል ስጥል ብሩሹ ከፈቃዴ ውጪ ሄደ። የሁለተኛው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ጨርቁ አንድ ስለሆነና ሌላም ስለማይገኝ ቀጠልኩ። ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ የፕሮፓጋንዳ ካድሬው ጓዶቹን አስከትሎ መጣ።

«ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መፈክሩ ነው፣ ጓድ።»

«መፈክሩን አውቀዋለሁ። ፊደሉ ለምን ይንቀጠቀጣል? ፈርቶ ነው? አብዮት ይፈራል?»

መሰላሉ ላይ ሆኜ ታች ያሉትን ጫማዎች አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አልቆለት ነበር።

«አልተንቀጠቀጠም፣ ጓድ» አልኩ። «እየነደደ ነው። ነበልባል ቀጥ ብሎ ሲነድ አይተው ያውቃሉ?»

ካድሬው ወደ ኋላ ሄደ። አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዘነበለ። «እየነደደ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ይነድዳል» አሉ ጓዶቹ።

አንደኛውማ እጁን ወደ ጨርቁ ዘርግቶ፣ «ኧረ ይሞቃል!» አለ።

ከበዓሉ በኋላ በየቀበሌው የሚጻፈው ሁሉ በዚሁ በሚነድ ፊደል እንዲሆን ትእዛዝ ወጣ። ከጢቾ ሳይቀር ጸሐፊዎች ዘዴውን ሊጠይቁኝ መጡ። «እንቅልፍ እጡ» ብዬ መለስኳቸው፤ ቀልድ መሰላቸው። እንደዚህ ሆኖ እጄ በመንግሥት ፈቃድ መንቀጥቀጥ ቻለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመተው ጊዜ አገኘሁ።

ዘዴውን ደግሞ ያገኘሁት ከቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ቢጫ ቀለም እንደ ልብ አይገኝም። ያለችኝን ለማብቃቃት በየጊዜው ጥቂት ነጭ ጠብ አደርግባት ነበር። አንድ ቀን ብዙ ነጭ ብትጨምር መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያፈጥጣል። በጥቂቱ ካደረግከው ግን ቢጫው ወደ ቅቤ፣ ከቅቤም ወደ ወተት ሲሄድ ዓይን አብሮ ይሄዳል እንጂ አያውቅም። እንዲህ እያማሰልኩ ሳለ ሰውነቴንም እንደ ካድሬው ዓይን ባታልለውስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ባለቤቴ፣ «ድሬሰሩም ያለህ ይህንኑ ነው» ትላለች። እውነት ነው፤ ቃሉ የእሱ ነው። አሠራሩ ግን የእኔ ነው።

በምላጭ የኪኒኑን ጠርዝ እንደ ጥፍር ጫፍ ያህል እልጣለሁ። ሰውነቴ ያንን እስኪለምደው አልነካውም። ሲረሳው እንደገና እልጣለሁ። ቀላል ነበር እንዳትሉ። የተቻኮልኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ያኔ ጉንዳኖቹ ይመለሳሉ፣ ላቡ ይመለሳል፣ እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ እዚያው እቆማለሁ። መሸነፍ ይመስለኝ ነበር። ሄጄ ስነግረው ድሬሰሩ መሸነፍ አይደለም አለኝ፤ እኔም በዚህ ተስማማሁ። የተላጠውን ብናኝ ባለቤቴ ወዲያው ጠርጋ ትደፋዋለች።

«ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምላጩን ስትልስ አይቼሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ምላጩንም እሷ ታስቀምጠው ጀመር።

ልጄ በዚህ መሐል ተዳረች። ስመርቃት እያንዳንዱን ቃል መርጬ ተናገርኩ፤ ዛሬም ሁሉንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምተው እንደማያውቁ ነግረውኛል።

ክረምትና በጋ ተፈራረቀ። ኪኒኑ እያነሰ እጄ እየረጋ ሄደ። ይሄኔ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ካድሬው አንድ የመፈክር ጨርቅ አየና ፊቱን አጠቆረ።

«ጓድ፣ ነበልባሉ ቀዝቅዟል።»

«ቀለሙ ነው፣ ጓድ።»

«ቀለሙ አይደለም። ቀጥ ብሏል!»

እንድንቀጠቀጥ ታዘዝኩ፤ እጄ ግን እምቢ አለ። የሌላ ሰው ፊደል ገልብጥ ብትሉኝ በአንድ እይታ እገለብጣለሁ፤ የራሴን በሽታ መገልበጥ ግን ፈተና ሆነብኝ። በመጨረሻ በግራ እጄ ጻፍኩለት። ካድሬው፣ «አሁን ነደደ!» ብሎ ጀርባዬን መታ። ወደ ሌላ አውራጃ እስኪዛወር ድረስ አብዮቱን በግራ እጄ አነደድኩት።

የመጨረሻዋ ፍርፋሪ ምላጩ ጫፍ ላይ ሳለች አስነጠሰኝና በነነች። ባለቤቴ ምንጣፉን ልታይ ጎንበስ አለች። «ተያት» አልኳት።

መዳኔን እርግጠኛ የሆንኩት ግን በዚያ ቀን አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ እህል የሚጭን አንድ የበቆጂ ሹፌር መኪናውን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ በሩ ላይ ስሙን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ሞተሩ እየተንደቀደቀ ነው፤ በሩ ይርገፈገፋል።

«ሞተሩን አጥፋው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል። ካጠፋሁት ከተማው በሙሉ ነው የሚገፋኝ።»

በበሩ ላይ ግራ እጄን ዘርግቼ መንቀጥቀጡን ለአፍታ ተከተልኩት። ከዚያ በቀኜ ጻፍኩ፤ ማስመሪያ የለ፣ መስመር የለ። ሹፌሩ ወርዶ ቀለሙን ሳይነካ ከፊደል ፊደል በጣቱ ተከተለ።

«እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጫል» አለ። «እርስዎ እንዴት አልተንቀጠቀጡም?»

«የሚንቀጠቀጠው በሩ ነው» አልኩትና ብሩሼን ማጠብ ጀመርኩ።