የጋሼ ዘሪሁን አፍንጫ

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አንድ ነገር ታሸቺልኛለሽ?»

ፌርፋክስ፣ የሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር ላይ፣ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ። ፎርም ሙዪልኝ ያለኝ አለ፤ ዕቃ እስካራግፍ መኪናዬን ጠብቂልኝ ያለኝ አለ። አሽቺልኝ ያለኝ ሰው ግን የመጀመሪያው እኚህ ናቸው። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ የጉባኤ ባጅ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጃቸው አውራ ጣት የምታክል ቡናማ ጠርሙስ፣ በሌላው ቀጫጭን ነጭ ወረቀት ይዘዋል።

«ምንድነው እሱ?» አልኩ፣ ፌስታሌን ሳላስቀምጥ።

«መርዝ አይደለም፣ አይዞሽ። የኮሰረት ዘይት ነው።»

ኮሰረት ካሉማ ብዬ፣ አጠገባችን ካለው ምግብ ቤት ደጅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰኔ ስለሆነ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖም ፀሐይ አልገባችም። ወረቀቱን ዘይቱ ውስጥ ነከር አድርገው ሰጡኝ። እውነትም ኮሰረት ነው፤ ቅቤ ሲነጠር ቤቱን የሚሞላው ሽታ። ፈገግ አልኩ። የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ፊቴን ሲያዩ ነበርና እሳቸውም ፈገግ አሉ።

«ከሥሩስ? ሌላ ነገር የለም?»

ደግሜ አሸተትኩ። አለ። መናገሩ ግን ከበደኝ፤ የሰው ዕቃ ማንቋሸሽ ደግ አይደለም።

«ግድ የለሽም፣ ንገሪኝ። ዛሬ የሸነገለኝ ሰው የለም፤ አንቺም አትጀምሪ።»

«ሻምፖ» አልኩ። «የልጆች ሻምፖ። እንጆሪ እንጆሪ የሚለው።»

ጠርሙሱን ከደኑት። ክዳኑን ደጋግመው አጠበቁት።

«ለካ ሴትየዋ እውነቷን ነበር» አሉ።

የትኛዋ ሴትዮ ብዬ ጠየቅኩ። ወተት መግዛቴንም፣ ወተቱ እየሞቀ መሆኑንም ያን ጊዜ ረሳሁት።

ጋሼ ዘሪሁን ይባላሉ። የሚኖሩት ካልቨር ሲቲ፣ የሚሠሩት ጋርዴና ነው፤ የቫይታሚን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሞላሉ። አገር ቤት ግን ወልቂጤ አካባቢ፣ ቅጠል በእንፋሎት እየቀቀለ ዘይቱን የሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እሳቱ መቼ እንደሚጠፋ፣ የትኛው በርሜል እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደሚደፋ የሚወስነው የእሳቸው አፍንጫ ነበር።

«ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ይቀልዱብኝ ነበር» አሉ። «ዘሪሁን ግቢ ውስጥ አለ፣ ካልሲህን ቀይረህ ግባ ይባባላሉ።»

ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ ሙያውን ለታናሽ እህታቸው ለሠናይት አስተምረው ነው የመጡት። ሠናይት ሠላሳ ሁለት ሴቶች አሰባስባ የራሳቸውን የዘይት ማንጠሪያ አቆመች። ሴቶቹ ኮሰረቱን በየጓሯቸው ይተክላሉ፤ ማሳ የላቸውም። ዘንድሮ ዓለም አቀፉ የመዓዛማ ዘይት ንግድ ጉባኤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ ለአዳዲስ አምራቾች ጠረጴዛ ተሰጠ። ሠናይት ቪዛ ስላልደረሰላት ጠረጴዛው ላይ እሳቸው ቆሙላት። አንዲት ገዢ ግን አስቀድማ ጽፋላታለች፤ ናሙናው ጥሩ ከሆነ የዓመቱን ምርት ሙሉውን እወስዳለሁ ብላ።

«ላብራቶሪ ላኪው ሲሏት ምን አለች መሰለሽ? ጋሼ ካሸተተው ይበቃል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ አፍንጫዬ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።»

ኮቪድ ነው የወሰደባቸው። ሌላው ሲሻለው ለእሳቸው ሳይመለስ ቀረ። ያወቁት ድስት አርሮ፣ ጭሱ በመስኮት ወጥቶ ጎረቤት በራቸውን ሲደበድብ ነው። ለማንም አልተናገሩም። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ሲሉ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መናገሩ እንደ አዲስ አሳፈራቸው። ሠናይት ናሙናውን በሰው ስትልክላቸው ክዳኑን ከፍተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ «ግሩም ነው፣ እጃችሁ ይባረክ» ብለው በድምፅ መልእክት ላኩላት።

«ዛሬ ጠዋት ገዢዋ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ሰላምታዋም ጥሩ ነው። ወረቀቱን ነከረች፣ አሸተተች፣ ቆየት ብላ ደገመች። ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝና፣ ምን ይሸትሃል አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

ጋሼ ዘሪሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መጀመሪያ ዝናብ የመታው ቅጠል በጣት ሲታሽ ነው፤ አፍንጫ ጫፍ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ቀጥሎ ሞቅ ያለ ነገር ይመጣል፤ ቅመም ነው እንዳትዪ ቅመም አይደለም። ሁሉም ካለፈ በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣፋጭ ነገር አለ። እንዲህ አልኳት፤ በእንግሊዝኛ። በሕይወቴ እንደዚያ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም፣ እውነቴን ነው። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ሁሉ ሊሰሙ ተጠጉ።»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከትዝታዬ ነበር የማነብላት።»

ገዢዋ እስኪጨርሱ ጠብቃ ነው የመለሰችላቸው። ዘይቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሽቶ አለ አለች። «በስህተት የገባ ይሆናል ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ አንተ ግን ይህን ያህል አጥርተህ የምታሸት ሰው ከሆንክ ያ ሽታ አያመልጥህም፤ ስለዚህ አውቀህ ነው የጨመርከው» አለቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሊሰሙ የተጠጉት ሰዎችም አንድ በአንድ ወደየጠረጴዛቸው ተመለሱ።

«ለምን አልነገሯትም? አይሸተኝም ቢሏት ኖሮ…»

«አራት ዓመት ለእህቴ ያልነገርኩትን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል?»

«አሁንስ ደውለው ቢያስረዷት?»

«ምን ብዬ? አሸታለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ አሁን የምነግርሽ ግን እውነት ነው ብዬ?» ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ደግሞ ያ ሻምፖ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። ሠናይት እንኳን ሻምፖ፣ ሎሽን የተቀባች ሴት ማንጠሪያው አጠገብ አታስደርስም።»

አንድ ነገር መጣላቸው መሰለኝ፤ ስልካቸውን አወጡና ስፒከር ላይ አድርገው ደወሉ። የደወሉት ናሙናውን ከአዲስ አበባ ላመጡላቸው፣ ከቸርቻቸው ለሆኑ አንዲት እናት ነው፤ ለእትዬ ሉሊት። ድምፃቸውን ስሰማ ማን እንደሆኑ ለየኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ገበያ የማያቸው፣ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎ የሚስማቸው ሴት ናቸው።

«ዘሩዬ! እንዴት ሆነልህ? ስንጸልይልህ እኮ ነው የዋልነው!»

«ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን። እኔ ምልዎት እትዬ፣ ያቺ ጠርሙስ በዚያ ሁሉ መንገድ እንዴት ሳትሰበር መጣች?»

እትዬ ሉሊት በሳቅ ፈነዱ። «ሚስጥሬን ላውጣ በቃ? ሻንጣ ወርዋሪዎቹን መች አምናቸዋለሁ! የልጅ ልጄን የሻምፖ ዕቃ ሰባት ጊዜ በፈላ ውሃ አጠብኩት፤ ሰባት! ዘይትህን እሱ ውስጥ ገልብጬ፣ ጠርሙሷን ለብቻ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እዚህ ስደርስ ደግሞ መልሼ ሞላኋት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አንተ እንኳ አላወቅክም!»

«አላወቅኩም» አሉ ጋሼ ዘሪሁን።

«የሰው አደራ እኮ ነው ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። ጉልበትዎ ይባረክ።»

ስልኩን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። «በሰባ ሁለት ዓመታቸው ተሸክመው አመጡልኝ» አሉ። «ማንም ጤነኛ ሰው ክዳኑን ሲከፍት ያውቀው ነበር። እሳቸው ምን አጠፉ?»

ያ የተደፋው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሠናይት ነች። ቀኑን ሙሉ አላነሱላትም። እዚያ ሊነጋ ነው፤ እሳት የሚለኮስበት ሰዓት። እንደማያነሱት እርግጠኛ ነበርኩ። እንደ ቅድሙ ስፒከር ላይ አድርገው አነሱት።

«ጋሼ! ምን አሉ? ሁላችንም እዚህ ነን፣ ሁሉም ይሰሙሃል!» ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«ስፒከሩን አጥፊውና ለብቻሽ ውጪ።»

ጫጫታው ራቀ።

«አልተቀበሉትም። ዘይታችሁ እንከን የለበትም፣ መጀመሪያ ይህን ስሚኝ። መንገድ ላይ ሌላ ሽታ ገብቶበታል፤ እኔም አላወቅኩም። አፍንጫዬ አይሠራም ሠናይት። ከኮቪድ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ፤ በዚያ በኩል።

«ያቺ የመጀመሪያዋ ናሙናስ? የዛሬ ሁለት ዓመት የላክሁልህ?»

«አልሸተተኝም።»

«ቅጠሉን ከማበቡ በፊት ቁረጡት፣ ሽታው ከዚህ ይበልጣል አልከኝ እኮ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምናስቆርጠው። ለሴቶቹ ሁሉ ወንድሜ አሽትቶ ነው ብዬ…» ጨርሳ አልተናገረችም። «ምን እያየህ ነበር የምትነግረኝ?»

ጋሼ ዘሪሁን ጠርሙሱን ኪሳቸው ከተቱት።

«አሁን ገብቼ ምን ልበላቸው?» አለች ሠናይት።

«ያበላሸው ወንድሜ ነው በያቸው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይቆረጥ፣ እሷ ትዝጋው፣ አላወቅንም። ጋሼ ዘሪሁን መልሰው ደወሉ፤ አልተነሳም። ውሃ አስመጣሁላቸው። አልነኩትም።

መኪናዬን እዚያ ማዶ ፓርክ አድርጌያለሁ፣ ላድርስዎት አልኳቸው። አውቶቡሱ ይበቃኛል አሉ። ፌስታሌን አንስተው እስከ መኪናዬ ሸኙኝ፤ እኔ ልሸኛቸው ሲገባ። በሩን ከዘጉልኝ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«እትዬ ሉሊትን እዚህ ሰፈር ማግኘትሽ አይቀርም» አሉኝ። «ካገኘሻቸው፣ አደራሽን፣ ሰዎቹ ዘይቱን ወደውታል በያቸው።»