ደካ የተላከው ዘፈን

ጊታር ሲቃኝ የሚወጣው ያ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ ሰፈራችን ውስጥ በተሰማ ቁጥር በራሴ እስቃለሁ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ፣ ድስቴን ትቼ የጊታር አስጠኚ መሆኔ ምን የሚሉት ነው? ማን ጠራኝ? ግን ብርቱካን፣ የልጄ የታደሰ ልጅ፣ እኔ ጋ ነበር ያደገችው፣ ቤቱም አንድ ክፍል ነበር፣ ጆሮዬን የት ላድርገው።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው። በግንቦት፣ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ታደሰ ከሚያስተምርበት ከጅማ አሮጌ ጊታር ይዞላት መጣ። ትንሿ ልጄ አልማዝ ደግሞ የሰርጓ ቀን ለጥር ተቆርጦ ነበርና አንድ ነገር ለመነችን፤ ሟቹ ባለቤቴ ቀፎ ሊያወርድ ዛፍ ሲወጣ ያንጎራጉረው የነበረውን የካፊኛ ዘፈን በሰርጓ ቀን መስማት። ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። እኔ ልዘፍን፣ ብርቱካን ጊታሩን ልትመታ ተባባልን፣ እሷም ግጥሙንም ዜማውንም ከአፌ ለቀመችው።

ክረምቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሷ ክሩን ስትደበድብ ከረምን። አዲስ ዘፈን ስትይዝ የድሮው ይጠፋት ነበር፣ የድሮውን ስታገኝ አዲሱ ይሄድባታል፣ ከዚያ ጊታሩን አልጋ ላይ ጥላ ታኮርፋለች። ታደሰ ለእረፍት መጥቶ ይህን ሲያይ፣ «የያዝሽውን አትነካኪው፣ ይረፍ፤ ሊረሳሽ ሲል ብቻ ጥሪው። የጠፋሽን ግን በነጋታው መልሰሽ ያዢው» አላት።

«ይሄማ ዘመድ መጠየቅ ነው» አልኩ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም ገባሁበት።

ፊት ለፊቴ ሱቅ ካላት ከዘይነባ ሦስት ባዶ ጣሳ ለምኜ ደረደርኩ። ዘመድ በምንጠይቅባቸው ቦታዎች ስም አንዱን ጎረቤት፣ አንዱን ማንኪራ፣ አንዱን ደካ አልኩት። ጎረቤት በየቀኑ ይጠየቃል፣ ማንኪራ ገበያ በዋለ ቁጥር፣ ደካ ሩቅ ነው፣ ወር ሲወጣ። ማንበብ ስለማልችል ለየዘፈኑ ምልክት ሰጠሁት፤ ለአንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለአንዱ ኮረሪማ፣ ለአንዱ የዶሮ ላባ፣ ለባለቤቴ ዘፈን የሰም ቁራጭ። ሳትሳሳት የመታችው ወደሚቀጥለው ጣሳ ይርቃል፣ የተደናቀፈችበት ከየትም ቢሆን ጎረቤት ይመለሳል። ላባው ግን አስቸገረን፤ ማንኪራ ደርሶ ሳያድር ይመለስ ነበር። «ይሄስ ዶሮው ራሱ ነው፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል» እያልኩ አስቃት ነበር።

መስቀል አልፎ ቡና ሲለቀም ሰሙ ደካ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። እኔ እምቢ አልኩ።

«ሰውየውን በሕይወቱ ከጎኔ አርቄው አላውቅም፣ አሁን ደካ ልላከው?»

«እማማ፣ የሚርቀውኮ ስለማይጠፋኝ ነው» አለችኝ፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብላ።

አኩርፌ ጣሳው ውስጥ ጣልኩት። ናፈቀኝ፣ ግን አልነገርኳትም። የራሴ ባል ዘፈን አይደል፣ የትም አይሄድብኝም ብዬ አንድ ቀን እንኳን ለራሴ አላንጎራጎርኩትም፤ ጣሳ ጠባቂ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

ጥር ገባ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ብርቱካን መምታት ስትጀምር ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ አልኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ባዶ። ባለቤቴን ዛፉ ላይ አየዋለሁ፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ቃሉ የለም። አልማዝ ከቬሏ ስር ዐይኗን አፍጥጣ ቀረች። ብርቱካን ግን መምታቷን ሳታቆም፣ ገበያ ላይ እንኳን ካፊኛ ስትናገር የምታፍረው ልጅ፣ ከአፌ የወደቀውን አንስታ ዘፈነችው። እኔም ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ ጨረስኩ። አልማዝ አለቀሰች፣ ደስ ብሏት።

ዛሬ ብርቱካን ቢታ ገነት ትኖራለች፣ የልጅ እናት ሆናለች። ያኔ ጣሳ እያየሁ የምጠይቃት እኔ ነበርኩ፤ አሁን እሷ ናት ስልክ ደውላ «እማማ፣ ሁለተኛውን ስንኝ በዪልኝ» የምትለኝ። እላታለሁ፤ ስትደውል እንዳላፍር ግቢ ስጠርግ ሳንጎራጉረው አልውልም። ይህን ያስለመደችኝ ዘይነባ ናት። በሰርጉ ማግስት ጨው ልገዛ ብሄድ፣ ከሚዛኗ ላይ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«አየለች፣ ለዘፈኑ ሁሉ ጣሳ ሰጥተሽ ራስሽን ረሳሽ። ጎረቤት ጣሳ ውስጥ መግባት የነበረብሽ አንቺ ነሽ።»