ሽማግሌዎቹ የተቀመጡባት ቀን

ዛሬ ፒያሳ የሚሉትን ሰፈር እኛ አራዳ ብቻ ነበር የምንለው። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ እንኳ የሚሲዮን ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ይንተባተብበት ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ግን ብርቅ ነው። እኔ እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከጊዮርጊስ በታች ጨርቅና ቆርቆሮ ከሚሸጥ አንድ ፈረንጅ መደብር ነው። ጨርቅ አጣፊ ሆኜ ገባሁ፤ የመደብሩ ጸሐፊ አማርኛ የለመደ ህንድ ነበርና በትዕግሥት አስተማረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አስተርጓሚ ተባልሁ። ከዚያ ወዲያ ባርኔጣ ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። እንዲያ ያልሁ ጉረኛ ነበርሁ፤ አሁን መደበቁ ምን ይጠቅመኛል?

ህንዱ ሁልጊዜ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነበር። «ቃሉን ሁሉ አውቀኸው ነገሩ ካልገባህ፣ ሰውየው በዘይቤ እየተናገረ ነው ማለት ነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዝሁ። በግራ በኩል ፈረንጆቹ የሚሉትን፣ በቀኝ በኩል ማለት የፈለጉትን እጽፋለሁ። «ባልዲውን ረገጠ» ማለት ሞተ ነው። «ጥቁሩ በግ» የቤተሰቡ ማፈሪያ ነው። «ቀዝቃዛ ትከሻ ሰጠው» ሲሉ ፊት ነሣው ማለታቸው ነው። «ድልድዩን ስደርስበት እሻገረዋለሁ» ካለ፣ አሁን አታድክመኝ ማለቱ ነው። «ከፈለገ ያፏጭለት» የሚለው ግን አስቸገረኝ። ህንዱን ብጠይቀው ሳቀ። ነፋስ ያጣ መርከበኛ ነፋሱን ለመጥራት ያፏጫል፤ ነፋሱም አይመጣም አለኝ። በቀኝ በኩል «አያገኘውም፣ ተስፋውን ይቁረጥ» ብዬ ጻፍሁ።

እሑድ እሑድ ጠጅ ቤት ደብተሬን ገልጬ ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ። ባልዲው ጋ ስደርስ አንዱ የአራዳ ልጅ «ፈረንጅ ሲሞት እንኳ ውኃ ሳይደፋ አይሄድም» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። እኔም ከሁሉ በላይ የማውቅ መሰለኝ።

አባቴ ብር ሠሪ ነበር። የሚሠራው በዚያው በመደብሩ የውጭ ግንብ ሥር ነው፤ ፈረንጁ ቦታውን ከመያዙ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር። ብሩን የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ተክሎ፣ ወናፉን በጎኑ አድርጎ፣ ለካህናቱ መስቀል፣ ለሙሽሮች ቀለበትና ድሪ ይሠራል። ሰው ስሙን አይጠራም፤ «ግንቡ ሥር ያለው ብር ሠሪ» ካሉ አራዳ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ክረምት ፈረንጁ ግንቡን አፍርሶ መጋዘን ሊሠራ እንዳሰበ ነገረኝ። እኔም ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ብዙ አልተናገረም፤ ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ የነፍስ አባቱ፣ አንዱ በዕድሜ የገፉ ሸማኔ ጎረቤታችን፣ ሦስተኛው የሰፈሩ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። አባቴ ከኋላቸው በሩ አጠገብ ቆመ። ፈረንጁ ወንበር አሳያቸው፤ አልተቀመጡም። በእኛ ደንብ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠና ከመረቀ ደግሞ ነገሩ አልቋል፣ ማንም አያፈርሰውም። የነፍስ አባቱ ለመኑ። መጋዘኑ ይሠራ፣ ነገር ግን ከጎኑ ቁርበት የምታህል ቦታ ለዚህ ሰው ይተውለት አሉ። እኔ አስተረጎምሁ።

ፈረንጁ ሰዓቱን አይቶ «ድልድዩን ስደርስበት እሻገረዋለሁ በላቸው» አለኝ።

«እያሰበበት ነው» አልኋቸው።

«ያስብ፤ እኛም ቆመን እንጠብቃለን» አሉ የነፍስ አባቱ።

የፈረንጁ ፊት በርበሬ መሰለ። «ቦታዋን ከፈለጋት ያፏጭላት» አለና ወደ ወረቀቱ ዞረ።

የደብተሬ የቀኙ ገጽ ፊቴ ድቅን አለ። አልገባኝም ነበር እንዳልል ገብቶኛል። ነገር ግን ሦስት ሽማግሌ ቆሞ፣ አባቴ ከኋላ እያየኝ፣ «ተስፋችሁን ቁረጡ» የሚለውን በምን አፌ ልበለው? ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው አልሁ ለራሴ። እሱ ሰበብ ነበር። እውነቱ፣ ፈረንጁ የምለውን እንደሚሰማኝ ለአራዳ ሁሉ ሳወራ ከርሜ፣ በአባቴ ፊት እንደ ተራ ጨርቅ አጣፊ መታየቱን ፈራሁት። «እሺ ብሏል፤ ከመጋዘኑ ጎን አንድ ጥግ ይተውላቸዋል» አልሁ።

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተቀመጡ። «ዘርህን ይባርከው፣ ከክፉ ይሰውርህ» ብለው ፈረንጁን መረቁት። ሰውየው ግራ ገብቶት ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። ስለሰጠኸን ጊዜ እናመሰግናለን ይላሉ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ስንወጣ አባቴ በሰው ፊት ጉንጬን ሳመኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

በሳምንቱ ወሎየው የቆዳ ነጋዴ ወደ አባቴ መጣ። ወዳጃችን ነው፤ በገበያው ራስ አዲስ ሱቅ ይዞ ነበር።

«ፈረንጁ ግንቡን ሊያፈርስ ነው ሲሉ ሰማሁ። የሱቄን ግማሽ ይውሰዱ። ወላሂ ከርስዎ የተሻለ ጎረቤት አላገኝም። ሌላ የጠየቀኝ ሰው ግን አለና እስከ ሰኞ ይንገሩኝ» አለው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። ግን ሽማግሌ ተቀምጦ መርቆበታል። አሁን ወዳንተ ብመጣ ሽማግሌዎቹንም የሰውየውንም ቃል ማቃለል ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ?» አለ አባቴ።

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «ፈረንጁን የምታውቀው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

«ቃል ቃል ነው» አልሁ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሰኞ እስኪደርስ አራት ቀን ነበረኝ። በየማለዳው ዛሬ ለአባቴ እነግረዋለሁ፣ ወይም ዛሬ ፈረንጁን እለምነዋለሁ እያልሁ እነሣለሁ፤ ሲመሽ ለነገ አሳድረዋለሁ። ድልድዩን ስደርስበት የሚለውን ከፈረንጁ ይልቅ የኖርሁት እኔ ነኝ። ሰኞ አለፈ። የሱቁን ግማሽ አንድ ልብስ ሰፊ ወሰደው።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ዶማ የያዙ ሠራተኞች መጡ። አባቴ ቀለበት እያሞቀ ነበር። ተነሣ አሉት። አራዳ ተሰበሰበ፤ «ፈረንጅ ድሮስ ምን ቃል አለው!» እያለ ሰውየውን ረገመው። ሽማግሌዎቹም ሰምተው መጡ። የነፍስ አባቱ መስቀላቸውን እንደ ዱላ ጨብጠው «ሦስታችንን አስቀምጦ፣ አስመርቆ ሲያበቃ!» እያሉ ወደ መደብሩ በር ገሰገሱ። እኔ በሩ ላይ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

አባቴ መንገዱ ላይ ተደፋባቸው። «አባቴ፣ በመስቀልዎ፣ ተዉት። እንዳይገቡ» ብሎ እግራቸውን ያዘ። እሳቸው ሲቆሙ ተነሥቶ ቀለበቱን ከነጉጠቱ ውኃ ውስጥ ነከረ፤ መስፉን በትከሻው ተሸክሞ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ተቀየሙት። የተመረቀን ነገር የተወ፣ ወኔ ቢስ አሉት፤ ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጡም። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እውነቱን የተናገረ አንድ ሰው ቢኖር ፈረንጁ ነበር፤ በአራዳ የተረገመውም እሱ ነው። እኔ ተከብሬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በግቢያችን ውስጥ ይሠራ ጀመር። ግንቡ ሥር ያጡት ደንበኞች ቤታችንን አያውቁትም። መስቀል ይሠራ የነበረ እጅ የማንቆርቆሪያ ጆሮ ሲጠግን ሁለት ዓመት አየሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እጅጌዬን ጠቅልዬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «አባባ፣ ያን ቀን ፈረንጁ ያለው...» ብዬ ጀመርሁ።

«አውቃለሁ» አለ፣ ሞረዱን ሳያቆም። «ፊቱን አይቼው ነበር። ሰው እሺ ሲል እንዲያ አይቀላም። ግን አንተ እሺ አለ አልህ፤ ዓይኔን ትቼ ልጄን አመንሁ።»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹን ለምን መለሷቸው? ቢጠይቁት ኖሮ...»

«ቢጠይቁት ህንዱ ያስተረጉምላቸው ነበር፤ ያንተ ነገር ይገለጥ ነበር» አለ። ሞረዱን አቆመ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያልሁ ስተርት ኖርሁ። ሲደርስብኝ ግን አልቻልሁም።»

አባቴ ወደ እሳቱ ዞረ።

«በል፣ ከሰሉ ሊጠፋ ነው፤ ወናፉን ንፋልኝ» አለኝ።

ነፋሁለት።