ለድምፄ ጸልዬ ድምፄን ያጣሁበት ቅዳሜ

ያን ሰሞን፣ የመገናኛ ባቡር ገና ወሬው እንኳን ባልነበረበት ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በፍርሃት ከረምኩ። ምክንያቱ አባቴ ነው። የእሱን ቤተ ክርስቲያን ትቼ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን "በሩን ዝጊ"፣ "መብራቱን አጥፊ" ከማለት በቀር አናግሮኝ አያውቅም። መዘምራን መግባቴን እናቴ ነገረችው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከሳህኑ ቀና ሳይል፣ "በሚመጣው ወር መጀመሪያ እሁድ መጥቼ እሰማሻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አትጠይቂኝ" አለ። ክው አልኩ። በዚያው እሁድ የመዝሙሩን መጀመሪያ ብቻዬን እንድዘምር ተመድቤ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን ፈራሁ። ድምፄ ቢሰነጠቅስ? "ለዚህ ነው የተውሽን?" ቢለኝስ?

አዳራሻችን የካ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። የመዘምራኑ አሰልጣኝ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ሴት ነበረች፤ ጀማሪዎቹንም እንደ ሕፃናቷ ነበር የምትይዘን። ከመዝሙር በፊት ግማሽ ሰዓት ድምፅ ማሟሟቅ ግዴታ ነው። መጀመሪያ ትከሻ ሳያነሱ ሆድ ድረስ መተንፈስ። ከዚያ ከንፈርን እያንቀጠቀጡ "ብርርርር" ማለት። ከዚያ አፍ ዘግቶ "ምምም"፤ በመጨረሻ "ማ ሜ ሚ ሞ ሙ" እያሉ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት። "ያልሞቀ ጉሮሮ ላይ አትጩሁ!" ትለናለች። እኛ ደግሞ ሳቃችንን መቆጣጠር ያቅተናል። ወሰን ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብቻ ከልቧ ትሠራው ስለነበር "ሞተር አስነሺ" እያልን እናበሽቃት ነበር። በእኛ ቤት መንፈስ ካለ ማሟሟቅ ምን ያደርጋል? የጸለየ ይዘምራል፣ አለቀ።

እናም ቅዳሜ ጠዋት ልምምዱን ትቼ ከሁለት ጀማሪ ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ለጸሎት ወጣሁ። ተራራ ላይ የሚጸለየው እየጮኹ ነው፤ ቀስ ብሎ የጸለየ ያልጸለየ ይመስለናል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። "ጌታ ሆይ ድምፄን! አባቴ ፊት አታሳፍረኝ!" እያልኩ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ጮህኩ። በፈራሁ ቁጥር ይበልጥ ጮህኩ። ስንወርድ ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ነበር፤ ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ ደስ አለኝ። አይ ሞኝነት!

እሁድ ጠዋት እናቴን "እንደምን አደርሽ" ልላት አፌን ብከፍት የወጣው አየር ብቻ ነው። ወይኔ ጉዴ! ዳገቱን በሩጫ ወጥቼ ለአሰልጣኟ በእጄ ጉሮሮዬን አሳየኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከጓሮ ባለችው ክፍል ወስዳ "ብርር በይ" አለችኝ። ፍፍፍ። "አፍሽን ዝጊና ምምም በይ።" ምንም። "ትናንት ጮኸሻል?" አለች። አዎ ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። "በቃ። ብትገፊው ይባስ ይጎዳል። መጀመሪያውን ለወሰኗ ልጅ እሰጣለሁ። አንቺ አጠገቧ ቆመሽ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።" "አባቴ እኮ ነው የሚመጣው" አልኳት ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ። እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

አባቴ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ቶሎ ለመውጣት እንዲመቸው ይሁን ምን እንጃ፣ በሩ ጋ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ከሩቅ አጥርቶ አያይም፤ መነጽርም አላደርግም ብሎ እምቢ ካለ ቆይቷል። የወሰኗ ልጅ ማይኩን ያዘች። ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው እንዴት ብሎ ወጣ! ጥርት ያለ፣ የማይናወጥ። እኔ አጠገቧ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አሁን ተነስቶ ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ ዓይኔን ከበሩ አላነሳሁም። አልወጣም። እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ሰማ።

ሲያበቃ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ምን ሊለኝ ነው እያልኩ ተከተልኩት። ዳገቱን ትንሽ እንደወረድን እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነክቶኝ አያውቅም።

"ማየቱንስ አላየሁሽም" አለ። "ግን ገና ስትጀምሪ ድምፅሽን ለየሁት። የልጄ ድምፅ ይጠፋኛል?"

አፌን ከፈትኩ። "እኔ አይደለሁም አባዬ" ልለው ነበር። አየር ብቻ ወጣ። ያለቀስኩ መስሎት፣ "በቃ፣ በቃ፣ አታልቅሺ" አለኝ።

ድምፄ ሐሙስ ዕለት ተመለሰ፤ እስከዚያ አባቴ በመዝሙሩ የተዘጋ መስሎት ነበር፣ እናቴም አላረመችውም። በዚያ ጊዜ አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሮ ጨርሷል፤ ምሳ ላይም እያየኝ ያወራ ጀምሯል። ልንገረው እያልኩ ስንቴ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ! ያንን የምሳ ላይ ወሬ መልሶ ቢያቆምብኝስ? ከዓመት በኋላ በደንብ አሟሙቄ፣ ብቻዬን የምዘምርበት ሌላ እሁድ ደረሰ። እባክህ ና ብዬ ለመንኩት።

"አንዴ ሰምቼሽ የለ?" አለ ፈገግ ብሎ። "እሱ ይበቃኛል።"